በልብስ ሳፋ የተገኘ ብልሽት

ስለ ልብስ አጠባ በዚህ የቤተሰብ ገጽ ብዙ ጊዜ ተጽፏል፤ ስለ ተሽከርካሪ አያያዝም ለሾፌሮቻችን ብዙ ተብሏል። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ጽሑፍ ይገናኛሉ ብለን ግን አስበን አናውቅም ነበር። ያገናኙልን በሱዳን ዋና ከተማ በካርቱም፣ ቡሪ በሚባለው ሰፈር ለብዙ ዓመታት የኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። ስማቸው እንዲጠቀስ ስላልፈለጉ ሾፌሩና ወይዘሮዋ እያልን እንተርካለን።

ሾፌሩ በቀድሞው ጦር የትራንስፖርት ክፍል ከባድ መኪና ሲነዱ የቆዩ ሰው ናቸው። በግንቦት ወር 1983 ዓ.ም. በኤርትራ የነበረው ሠራዊት ሲበተን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ወታደር በከሰላ በኩል ወደ ሱዳን መሻገሩ የሚታወስ ነው፤ እሳቸውም ከነዚያ አንዱ ነበሩ። ቀስ በቀስ ካርቱም ገቡ፤ ባለቤታቸውም በመተማ በኩል ተከተሏቸው፤ ልጆቻቸውም እዚያው ተወለዱ። አንድ ሱዳናዊ ባለሀብት አሮጌ የጭነት መኪናውን አስረክቧቸው አሸዋና ጡብ እያመላለሱ ይኖሩ ጀመር።

ቡሪ ከጣና የወጣው ዓባያችን ከነጭ ዓባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ሲቀረው በደቡብ ዳሩ የሚያልፍበት፣ ከካርቱም መሐል በስተምሥራቅ ያለ ነባር ሰፈር ነው። ከሱዳን ጦር ጠቅላይ መምሪያ አጠገብ በመሆኑ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማይቱ ጦርነት ሲፈነዳ ከመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ጀምሮ የእሳቱ መካከል ሆኗል። ባለታሪኮቻችን ግን ከዚያ ቀደም ብለው ጓዛቸውን ጠቅልለው አገራቸው ገብተዋል። የምንተርከው በ1990ዎቹ ዓመታት፣ ቤተሰቡ በግንብ በተከበበ የጋራ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ተከራይቶ፣ መኪናውም ማታ ማታ ከግቢው በር ፊት ለፊት ቆሞ ያድር በነበረበት ጊዜ የሆነውን ነው። እንዲህ ያለውን ግቢ ሱዳኖች ሆሽ ይሉታል።

ነገሩ የጀመረው በማርሽ ነው። ጠዋት ጠዋት አንደኛ ማርሽ አልገባም ማለት ጀመረ፤ ሲገባም እየተንጫጫ ነበር። ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ሁለትና ሦስት ጊዜ ደጋግመው ሲረግጡ ይገባላቸዋል። ይህን ለሳምንታት እንደ ልማድ ይዘውት ቆዩ። ከዕለታት አንድ ቀን ግን በአንድ መገናኛ ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብተው፣ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረግጠው ቆመው ሳለ መኪናው በገዛ ራሱ ወደ ፊት ይሳብ ጀመር። ከፊታቸው የቆመው ውኃ የሚሸጥ የአህያ ጋሪ ነበር፤ ጋሪው ላይ አንድ ልጅ ተቀምጧል። የእግር ፍሬኑን ይዘው ሞተሩን ሲያጠፉ በመኪናው ግንባርና በጋሪው መካከል የቀረው አንድ ክንድ እንኳ አይሞላም ነበር። “እጄ እስከ ማታ ድረስ ይንቀጠቀጥ ነበር” ብለውናል።

ያሳዩት መካኒክ ብዙም ሳይመረምር ካምቢዮው መውረድ አለበት፣ የፍሪሲዮኑ ሸራ አልቋል አላቸው። የጠየቀው ዋጋ ከአንድ ወር ገቢያቸው የሚበልጥ ነበር። የመኪናው ባለቤት በበኩሉ መኪናው በሳምንት ውስጥ ሥራ ካልጀመረ ለሌላ ሾፌር እንደሚሰጥ ነገራቸው። የቤት ኪራዩም የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም ከዚሁ መኪና የሚወጣ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ሳፋው የሚገባው። የሾፌር ልብስ እድፍ ለወይዘሮዋ አዲስ ነገር አይደለም። የሞተር ዘይትና ግራሶ ውኃ ብቻውን እንደማያነሳቸው፣ ሳሙናና ጉልበት እንደሚፈልጉ እጃቸው ያውቃል። በዚያ ሰሞን ግን የባላቸው ሱሪ በግራ እግሩ በኩል ብቻ፣ ከጉልበት በታች እየረጠበ ይመጣ ነበር። ሳፋ ውስጥ ሲነክሩት እድፉ ያለ ሳሙና ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል። የግራ ጫማቸውም ቀለም ተልጦ ቆዳው ነጥቷል። ሾፌሩ በመኪናው ነገር ተክዘው በተቀመጡበት ወይዘሮዋ ሱሪውን ይዘው መጡ።

“አንተ፣ ይህ ዘይት ምን ዓይነት ዘይት ነው በውኃ የሚለቅ? ደግሞስ ቀኝ እግርህ ንጹሕ ሆኖ ግራው ብቻ የሚረጥበው ለምንድን ነው?”

ሾፌሩ መልስ ሳይሰጡ ተነሥተው ወደ መኪናው ሄዱ፤ ባትሪ አብርተው ከፍሪሲዮኑ ፔዳል በላይ ሲመለከቱ ከፖምፓው ጀርባ የሚወርድ ቀጭን እርጥበት አገኙ።

ምሥጢሩ የፍሬን ዘይት ላይ ነው። ዘይት ብንለውም ከሞተር ዘይት ጋር ዝምድና የለውም። በአብዛኞቹ መኪናዎች የሚሠራበት ግላይኮል ከተባለ ፈሳሽ ወገን የሚዘጋጅ ሲሆን ከውኃ ጋር ይዋሃዳል። ከአየሩ እንኳ እርጥበት እየሳበ ይጠጣል። በሃይድሮሊክ የሚሠራ ፍሪሲዮን ደግሞ የሚጠቀመው ይህንኑ ፈሳሽ ነው። በሌላ አነጋገር፣ መካኒኩ ከካምቢዮው ውስጥ የፈለገው ብልሽት ከቤት ውስጥ በልብስ ላይ ተጽፎ ነበር።

አሠራሩን በአጭሩ እንግለጽ። የሾፌሩ እግር ፔዳሉን ሲረግጥ በላይኛው ፖምፓ ውስጥ ያለው ፒስተን ዘይቱን በቀጭን ቱቦ ይገፋዋል፤ ዘይቱም በካምቢዮው ጎን የታሰረውን የታችኛውን ፖምፓ ፒስተን ይገፋል፤ እሱም ሹካውን፣ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታውም ሸራውን ጨምቀው የያዙትን ምንጮች ይጫናል። በዚህ ጊዜ ሸራው ነጻ ይወጣል፤ ሞተሩና ካምቢዮው ይለያያሉ። በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ላይ ያረፈ ግፊት ሳይቀንስ በሁሉም አቅጣጫ እንደሚዳረስ ያስረዳው ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዘመን የኖረ ሊቅ ነው። ዕውቀቱ ወደ መኪና ፍሬን የገባው ግን ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1910ዎቹና በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ነው።

የዘይቱ መጠን እጅግ ጥቂት መሆኑ ብዙ ሰው ያስደንቃል። የላይኛው ፖምፓ ስፋት 19 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞም 30 ሚሊሜትር ነው ብንል፣ አንድ ርግጫ የሚገፋው ዘይት 8 ሴንቲሜትር ኩብ ተኩል ያህል ነው፤ ሁለት የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ያ ሁሉ የአሸዋ ጭነት ከሞተሩ የሚለያየው በዚህች ዘይት ነው። እንግዲህ ቱቦው ውስጥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ አየር ቢገባ ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ዘይት አይጨመቅም፤ አየር ግን ይጨመቃል። እግሩ ወለሉን ሲነካ ርግጫው አየር በመጨመቅ አልቆ ሸራው ሳይለቅ ይቀራል። የጋሪውን ልጅ ሊያስጨርስ የነበረው ይኸው ነው።

ከዚህ የምንረዳው ለሾፌሮች የሚጠቅም አንድ መለያ አለ። ማርሽ አልገባ ሲል፣ ሲንጫጫ፣ ወይም መኪናው ፍሪሲዮን ተረግጦ እያለ ሲሳብ ካምቢዮ ከማውረድ በፊት ዘይቱንና ሁለቱን ፖምፓዎች መመልከት ይገባል። በአንጻሩ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው በዳገት ጉልበት የሚያጣ ከሆነ ሸራው ማለቁ ወይም በግራሶ መነካቱ ይጠረጠራል። ልዩ ሁኔታም አለ። በላይኛው ፖምፓ ውስጥ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው የሚመለስበት እጅግ ጠባብ ቀዳዳ አለ። ፔዳሉ ሲለቀቅ በገፊው ዘንግና በፒስተኑ መካከል አንድ ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ካልቀረ ያ ቀዳዳ እንደተደፈነ ይቆያል። ዘይቱ ሲሞቅ ይለጠጣል፤ የሚሄድበት ስለሌለው ማንም ሳይረግጠው ፍሪሲዮኑን ይገፋል፤ ሸራው እየተንሸራተተ ይቃጠላል። ከ40 ዲግሪ በላይ በሚያቃጥለው የካርቱም የሚያዝያና የግንቦት ፀሐይ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። ጠዋት ደህና ሆኖ ወጥቶ ቀትር ላይ የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ካለ በመጀመሪያ ይህንን ክፍተት መለካት ነው።

ወደ ቡሪ እንመለስ። ሾፌሩ በማግሥቱ ወደ ኢንዱስትሪው ሰፈር ሄደው ለዚያ ፖምፓ የሚሆኑ ጎሚኒዎችና አንድ የታሸገ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ገዙ። ዋጋው መካኒኩ ከጠየቀው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ጎማዎቹን በታኮ ደገፉ፤ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ ማርሹን ዜሮ አደረጉ፤ የሞተሩንም ቁልፍ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱ። ይህን የመጨረሻውን ነገር ከጦሩ የትራንስፖርት ክፍል የተማሩት ነው፤ ከመኪና ሥር የሚገባ ሰው ቁልፉን ይዞ ይገባል። የቀረውን ዘይት በስሪንጅ መጠጡት። በአፍ በቱቦ መሳብ የለመዱ አሉ፤ መርዝ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግም።

ፖምፓውን ፈትተው ንጹሕ ጨርቅ በተነጠፈበት ትሪ ላይ በታተኑት። ትሪውን ወይዘሮዋ የሰጡት እያጉረመረሙ ነው፤ የቡና ትሪ ነበርና። ጎሚኒው ደርቆ ከንፈሩ ላይ ተሰንጥቋል። የፖምፓውን ውስጥ በጥፍራቸው ዳሰሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ቢኖር ፖምፓው ራሱ ይለወጥ ነበር፤ ደግነቱ ለስላሳ ሆኖ ተገኘ። ከመድኃኒት ቤት በተገዛ አልኮል አጠቡት። ጎሚኒ በናፍጣ፣ በነጭ ጋዝ ወይም በቤንዚን አይታጠብም፤ እንደተዘፈዘፈ ባቄላ ያብጣልና። በፍሬን ዘይት ማጠራቀሚያ ውስጥ የሞተር ዘይት የጨመረ ሰው የሚደርስበትም ይኸው ነው፤ አንድም ጎሚኒ ሳይቀር መለወጥ ይኖርበታል። አዲሱን ጎሚኒ በአዲስ ዘይት ነክረው፣ ከንፈሩን ግፊት ወደሚመጣበት አቅጣጫ አድርገው በጣታቸው አስገቡት። ካቻቢቴ አልነካውም። ሲገጥሙ የገፊውን ዘንግ ክፍተት ለኩ።

እስከዚህ የአንድ ሰው ሥራ ነው። አየር ማስወጣት ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ ባልና ሚስቱም ሊጣሉ የደረሱት እዚህ ላይ ነው።

ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ሆነው በታችኛው ፖምፓ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ሊከፍቱና ሊዘጉ፣ ወይዘሮዋ ካቢና ውስጥ ሆነው ሊረግጡና ሊለቁ ተስማሙ። ጊዜው እየመሸ ነበር፤ የጎረቤት ጄኔሬተር ይጮኻል። “ርገጪ!” ሲባሉ ይረግጣሉ፤ “ቆይ!” የተባለው “ልቀቂ!” መስሎ ይሰማቸዋል። ብሎኑ ሳይዘጋ ፔዳሉ በተለቀቀ ቁጥር ቱቦው የወጣውን አየር መልሶ ይስባል። እንዲሁ ሲደክሙ ማጠራቀሚያው ባዶ መሆኑን ያየ አልነበረም፤ ከላይም አየር ገባ። አዲሱ ዘይት ግማሹ መሬት ፈሰሰ። ሾፌሩ ከሥር ሆነው ተቆጡ፤ ድምፃቸውን ጎረቤት ሁሉ ሰማ።

ወይዘሮዋ ከካቢናው ወረዱ። “የምረግጠው ምን እንደሆነ ሳላውቅ መቼ እንደምለቅ በምን አውቃለሁ? መጀመሪያ አሳየኝ፤ ከዚያ ተቆጣ” አሏቸው።

ሾፌሩ ያን ሌሊት ያደረጉት ነገር ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ ካነሳሱን ነገሮች ዋናው ነው። ከመድኃኒት ቤት አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ስሪንጅ፣ ከአንድ ክንድ የግሉኮስ ቱቦ ጋር ገዝተው መጡ። ቱቦውን በሁለቱ መካከል አጥብቀው ውኃ ሞሉበትና ትንሹን ለባለቤታቸው ሰጡ። ወይዘሮዋ ሲገፉ የባላቸው እጅ ላይ ያለው ትልቁ ስሪንጅ ወዲያው ተነሣ። ጉዞው አጭር፣ ጉልበቱ ግን የበረታ ነበር። ቀጥሎ ሾፌሩ ቱቦውን ነቅለው ጥቂት አየር አስገቡበት። ወይዘሮዋ ሲገፉ እጃቸው ሥር እንደ ስፖንጅ ለሰለሰ፤ ትልቁ ስሪንጅ እምብዛም ሳይነቃነቅ ቀረ። ልጆቹም ተራ በተራ ሞከሩት። “በቃ፣ ገባኝ። ጠዋት እንሠራዋለን” ብለው ወይዘሮዋ መብራት አጠፉ።

ጎህ ሲቀድ፣ አቧራ ሳይነሣና ጄኔሬተር ሳይጮህ ጀመሩ። አቧራ በካርቱም ቀላል ነገር አይደለም፤ ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ነፋስ በተነሣበት ቀን የዘይት ክዳን የሚከፍት ሰው ፖምፓውን በገዛ እጁ ያበላሻል። ከአየር ማስወጫው ብሎን ላይ ቀጭን ቱቦ ሰክተው ጫፉን ጥቂት ንጹሕ የፍሬን ዘይት ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ነከሩት። ታላቁ ልጅ ማጠራቀሚያው ከግማሽ በታች እንዳይወርድ እየጨመረ እንዲጠብቅ ተመደበ። ወይዘሮዋ የእግራቸው መዳፍ ፔዳሉን እንዲሰማው ጫማቸውን አወለቁ። ትእዛዙም እንደ ጦር ሜዳ ሬዲዮ የተቀበለው ሰው መልሶ እንዲናገረው ተደረገ።

“ርገጪ።”

“ረግጫለሁ፤ ይዣለሁ።”

ብሎኑ ይከፈታል፤ ብርጭቆው ውስጥ አረፋ ይንፈቀፈቃል። ብሎኑ ይዘጋል።

“ዘግቻለሁ። ልቀቂ።”

“ለቅቄያለሁ።”

በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ዙር ላይ ወይዘሮዋ ሳይጠየቁ፣ “አሁን መሐል ላይ ሲደርስ ጠነከረ” አሉ። ሾፌሩ ከሥር ሆነው ይህን ሊያውቁ አይችሉም ነበር፤ ብርጭቆው ውስጥ ግን አረፋው መቅረቱን በዚያው ቅጽበት አይተዋል። ሁለት ዙር ጨምረው ብሎኑን አጠበቁ። ከቱቦው የወጣውን ዘይት መልሰው አልተጠቀሙበትም፤ አየርና ቆሻሻ የያዘ ነውና። ቀጥሎ ወይዘሮዋ ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ ያህል ረግጠው ያዙ፤ ቀስ እያለ ቢወርድ ኖሮ ጎሚኒው ውስጥ ለውስጥ ያሳልፋል ማለት ነበር፤ አልወረደም። ሾፌሩ ከሥር ወጥተው፣ ታኮዎቹ እንዳሉ ሞተሩን አስነሡና ፍሪሲዮኑን ረግጠው ጥቂት ቆይተው የኋላ ማርሽ አስገቡ። ያለ ድምፅ ገባ።

እዚህ ላይ ለሠራዊቱ አባላት ልናሳስብ የሚገባን ነገር አለ። የመንግሥት ተሽከርካሪ የሚጠገነው በጋራዡ፣ በመጽሐፉ መሠረት ነው፤ የተናገርነው ስለ ግል መኪና ነው። ተሽከርካሪዎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም። ብዙዎቻችን የምናውቀው ዚል 130 ፍሪሲዮኑ በዘንግ የሚሠራ ሲሆን፣ ካቢናው ሞተሩ ላይ የተቀመጠውና ወደ ፊት የሚገለበጠው ጋዝ 66 ግን በዘይት የሚሠራ ነው፤ ካቢናው ሲገለበጥ ከዘንግ ይልቅ ቱቦ ይመቻልና። ካማዝ ደግሞ ዘይቱን በአየር ግፊት የሚያግዝ መሣሪያ ስላለው አሠራሩም አየር ማስወጫውም የራሱ ሥርዓት አለው።

ለእናቶችም አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለን። የፍሬን ዘይት በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ ውስጥ አይቀመጥም። መልኩ ሕፃናትን ያታልላል፤ ቢጠጣ ኩላሊት ይጎዳል፤ ሰው ሊገድልም ይችላል። የቀመሰ ልጅ ካለ ምልክት እስኪታይ ሳይጠበቅ ጠርሙሱን ይዞ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ውኃ ይታጠባል። የመኪና ቀለምም ስለሚልጥ የፈሰሰውን ሳይውል ሳያድር በውኃ ማጠብ ይገባል። ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ዘይትም ለአገልግሎት አይውልም። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ተደርጎ የሚሠራ ሲሆን፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል።

መኪናው በአምስተኛው ቀን ሥራ ገባ። የመኪናው ባለቤትም ስለ ሌላ ሾፌር ማንሳቱን ተወ። ወይዘሮዋ በማጠራቀሚያው ላይ የዘይቱን ከፍታ በጥፍር ቀለም አሠመሩ፤ ዓርብ ዓርብ፣ ሾፌሩ ዕረፍት ሲሆኑ፣ ክዳኑን ሳይከፍቱ ከውጭ እያዩ ይመለከቱት ነበር። ከወራት በኋላ አንድ ዓርብ ዘይቱ ከመሥመሩ በታች ወርዶ አገኙት። የግራው ሱሪ ግን ደረቅ ነበር። “እንግዲህ ከታችኛው ነው” አሉ። ሾፌሩ ተንጋለው ከመኪናው ሥር ሲገቡ የታችኛው ፖምፓ ላብ እንዳላበው ግንባር ረጥቦ ነበር። ታኮውን ታላቁ ልጅ አመጣ፤ ወይዘሮዋ ጫማቸውን አውልቀው ካቢና ገቡ።